መርዙ የሚደፋበትን ሰፈር ማን ይመርጣል?

ስለ አካባቢ ብክለት በሚነገርበትና በሚጻፍበት መድረክ ሁሉ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ። ይኸውም ጢስን አጥር አያግደውም፣ ጎርፍም ሀብታምና ድኻ አይለይም፣ ስለዚህ የተፈጥሮ አካባቢ መበከል የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ጠንቅ ነው የሚለው ነው። አባባሉ በጎ ይመስላል። ይሁን እንጂ በተጨባጭ ሁኔታ ሲፈተን ግማሽ እውነት ሆኖ ይገኛል። ጢሱን አጥር ባያግደውም የጢስ ማውጫው የሚተከልበትን ሥፍራ የሚወስን ሰው አለ፤ ጎርፉ ባይመርጥም በረባዳ መሬት ላይ ጎጆ ለመቀለስ የተገደደና በኮረብታው ላይ ቪላ የሠራ ሰው አለ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሳነው ይህንኑ የምርጫ ጉዳይ ነው። የዘር፣ የመደብና የጾታዊ ማንነት ጭቆና በአንድነት ሲሠራ በግልጽ የታየውና ማስረጃውም በብዛት የተሰበሰበው በአሜሪካ አገር በመሆኑ ምሳሌዎቻችንን በአመዛኙ ከዚያ እንወስዳለን። ዓመታቱን ለይተን ካልጠቀስን በቀር የምንሰጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የአካባቢ ፍትሕ ጥያቄ በዚያ አገር በይፋ የተቀጣጠለው በሰሜን ካሮላይና፣ በዋረን አውራጃ ነው። በ1978 ጥቂት ግለሰቦች ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል የተቀላቀለበትን አሮጌ ዘይት በደንቡ መሠረት ማስወገድ የሚያስከትለውን ወጪ ሸሽተው፣ በሌሊት በመኪና እየዞሩ በ14 አውራጃዎች መንገድ ዳር አፈሰሱት። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የተመረዘውን አፈር ሰብስቦ ለመቅበር ቦታ ሲያፈላልግ የተመረጠችው አፍተን የተባለች የገጠር መንደር ሆነች። የመንደሪቱ የከርሰ ምድር ውሃ ለገጸ ምድሩ የቀረበ ነበር፤ ነዋሪዎቹም የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነበር። በባለሙያ ዓይን ሲታይ መርዝ ለመቅበር የማይመች ሥፍራ ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን ከዋረን ሕዝብ አብዛኛው ጥቁር፣ አውራጃውም በክፍለ ግዛቱ ውስጥ እጅግ ድኻ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በ1982 አፈር የጫኑት መኪኖች መመላለስ ሲጀምሩ ሕዝቡ መንገዱ ላይ እየተኛ አገዳቸው። ከ500 በላይ ሰዎች ታሰሩ። መቅበሪያው ግን ከመሠራት አልቀረም። መርዙን ከአፈሩ የማጥራቱ ሥራ የተፈጸመው ከ20 ዓመታት በኋላ በ2003 ሲሆን፣ ለዚህም ወደ 18 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል።

የዋረን ሕዝብ ትግል መቅበሪያውን ባያስቀርም ጥናትን ወልዷል። በ1983 የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በደቡብ ምሥራቅ 8 ክፍለ ግዛቶች ያሉትን 4 የመርዛማ ቆሻሻ መቅበሪያዎች ሲመረምር 3ቱን ጥቁሮች በሚበዙባቸው አካባቢዎች ተቋቁመው አገኛቸው። በ1987 ደግሞ የተባበሩት የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዘር ፍትሕ ኮሚሽን በመላ አገሪቱ ባካሄደው ጥናት፣ መርዛማ ቆሻሻ የሚያስተናግዱ ድርጅቶች የት እንደሚተከሉ አስቀድሞ ለማወቅ ከነዋሪው ገቢም ሆነ ከቤቶቹ ዋጋ ይልቅ የነዋሪው ዘር የተሻለ ምልክት መሆኑን አሳየ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር ይነሳል። የዘር ጥያቄ በመሠረቱ የመደብ ጥያቄ ነው፤ ጥቁሩ የሚጎዳው ድኻ ስለሆነ እንጂ ጥቁር ስለሆነ አይደለም፤ ስለሆነም የመደቡ ቅራኔ ሲፈታ የቀረው ሁሉ በራሱ ጊዜ ይፈታል የሚሉ ወገኖች አሉ። ለመደብ ትንተና የምንሰጠው ግምት ከፍ ያለ ቢሆንም ይህን አባባል እንዳለ ልንቀበለው አንችልም፤ ሐቁ አይደግፈውምና።

የሂዩስተንን ከተማ እንውሰድ። በ1979 ኖርዝዉድ ማነር በተባለው ሰፈር የቆሻሻ መድፊያ ሊቋቋም መሆኑ ሲታወቅ ነዋሪዎቹ ክስ መሠረቱ። ጠበቃቸው ሊንዳ ማኪቨር ቡላርድ፣ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር የሆኑትን ባለቤታቸውን ሮበርት ቡላርድን ማስረጃ እንዲያሰባስቡ አሰማሯቸው። ምሁሩም ከተማው ቆሻሻውን የደፋባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እየዞሩ በካርታ ላይ ሲያሰፍሩ፣ የከተማው አስተዳደር ንብረት የሆኑት 5 መድፊያዎች በሙሉ፣ ከ8 የቆሻሻ ማቃጠያዎችም 6ቱ በጥቁሮች ሰፈር መሆናቸው ተገለጠ። ጥቁሮች በዚያን ጊዜ ከከተማው ሕዝብ ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ኖርዝዉድ ማነር የድኾች መንደር አለመሆኑ ነው። መካከለኛ ገቢ ያላቸው፣ ቆጥበውና ተበድረው የራሳቸውን ቤት የገዙ ጥቁሮች ሰፈር ነበር። መድፊያው የተቋቋመው ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ500 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። ነዋሪዎቹ ክሱን ተረቱ፤ ሆን ተብሎ በዘር ምክንያት የተፈጸመ ስለመሆኑ በቂ ማስረጃ አላቀረባችሁም ተባሉ። ገቢያቸው ከድህነት ቢያወጣቸውም ከቆሻሻው አላወጣቸውም።

የዚህ ግልባጭም እውነት ነው። በ1984 የካሊፎርኒያ የቆሻሻ አስተዳደር ቦርድ ሴሬል ለተባለ አማካሪ ድርጅት ገንዘብ ከፍሎ፣ የቆሻሻ ማቃጠያ ቢተከልበት የማይቃወም ሕዝብ ምን ዓይነት እንደሆነ አስጠንቷል። መልሱ ግልጽ ነበር፦ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ፣ ትምህርቱ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፣ በዕድሜ የገፋና በገጠር የሚኖር ሕዝብ ተቃውሞው ደካማ ነው የሚል ነበር። ሰነዱ ዘርን በስም አላነሳም። እኛም እንዲህ ያለውን ጥንቁቅ የመደብ ትንተና ከከበርቴው አማካሪዎች እጅ ማግኘታችን እንግዳ ነገር ሆኖብናል። የዘር ልዩነት ባልነበረበት ሥፍራም ይኸው ሕግ ሲሠራ በአገራችን አይተናል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀብር፣ የተቀበሩት ከክምሩ ሥር ቤት ከመሥራት በቀር ሌላ ምርጫ ያልነበራቸውና ከክምሩ ውስጥ ለቅመው የሚያድሩ ወገኖች ነበሩ። ስለዚህ መደብ ያለ ዘር ይሠራል፤ ዘርም ያለ ድህነት ይሠራል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የሚያደርሱት ጉዳት የድምራቸውን ያህል ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አንዱ ሌላውን እያመረተ ይሄዳልና።

ይህ እርስ በርስ የመመራረት ሂደት የታሪክ መሠረት አለው። በ1930ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ መንግሥት የቤት ብድር ተቋም በየከተማው ካርታ ላይ ጥቁሮችና ድኻ መጤዎች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በቀይ ቀለም አስከብቦ ብድር የማይሰጥባቸው አደገኛ ቦታዎች አሰኛቸው። ብድር የተነፈገው ሰፈር ቤቱ አረጀ፤ የመሬቱ ዋጋ ወደቀ፤ ዋጋው በመውደቁ ፋብሪካውና አውራ ጎዳናው ወደዚያው ተሳበ። በ2020 የወጣ ጥናት 108 ከተሞችን መርምሮ፣ ከእነዚህ በ94 በመቶው በቀይ የተከበቡት የድሮ ሰፈሮች ዛሬም ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚሞቁና ልዩነቱም በአማካይ 2.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን አረጋግጧል። ዛፍ የሌለበትና አስፋልት የበዛበት ሰፈር ነውና። ካርታው ከሕግ ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም የፀሐዩ ንዳድ እስከ ዛሬ በዚያው ካርታ ይመራል።

በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ደግሞ ታሪኩ ወደ ባርነት ዘመን ይመለሳል። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከባተን ሩዥ እስከ ኒው ኦርሊንስ ባለው ወደ 137 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መስመር ላይ 150 ያህል የዘይት ማጣሪያና የኬሚካል ፋብሪካዎች ተደርድረዋል። ነዋሪው የካንሰር መንገድ ይለዋል። ፋብሪካዎቹ የተተከሉት የቀድሞዎቹ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በነበሩበት መሬት ላይ ነው። እርሻው ሰፊና ከወንዙ ወደብ የተያያዘ በመሆኑ ለከበርቴው ድርጅት ለግዢ አመቺ ሲሆን፣ ከባርነት ነፃ የወጡት ጥቁሮች ልጆች ደግሞ አያቶቻቸው በሠፈሩባት የእርሻው ጠርዝ እንደኖሩ ናቸው። ፎርሞዛ የተባለው የታይዋን ድርጅት 9.4 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የፕላስቲክ ፋብሪካ በሴንት ጄምስ ሊተክል ባቀደበት መሬት ውስጥ የባሮች መቃብር መኖሩ ታውቋል። በዚህ ላይ ሕዝቡን ያስተባበሩት ሻሮን ላቪኝ የተባሉ ጡረተኛ መምህርት በ2021 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ይህን ካልን በኋላ ወደ ሦስተኛው ማንነት እንሻገራለን። አንባቢያችን እዚህ ላይ ቆም ብሎ፣ ሰው ማንን ማፍቀሩ ከጢስና ከቆሻሻ ጋር ምን ያገናኘዋል ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት የቤት ኪራይ ውልን፣ የሥራ ቅጥር ደብዳቤንና የአባወራን በር መመልከት ይበቃል። ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ፣ እንዲሁም ከተወለዱበት ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩ ሠራተኞች በዚህ ምክንያት ከሥራ እንዳይባረሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ሕግ ተርጉሞ የከለከለው በ2020 ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ክፍለ ግዛቶች አሠሪ ያለ ሌላ ሰበብ ሊያባርራቸው ይችል ነበር። ቤት አከራዩም በሩን ይዘጋባቸዋል፤ ወላጅም ልጁን ከቤት ያስወጣል። በ2012 ቤት የለሽ ወጣቶችን የሚረዱ ድርጅቶች ተጠይቀው ከሚረዷቸው 40 በመቶ ያህሉ ከእነዚሁ ወገኖች መሆናቸውን ገልጸዋል። እንዲህ ያለ ሰው መኖሪያውን የሚመርጠው አየሩን አሽትቶ አይደለም። የማይደበደብበትንና የሚያከራየው የሚያገኝበትን ሰፈር ይፈልጋል። ይህም ሰፈር ብዙውን ጊዜ በአሮጌው መሐል ከተማ፣ በአውራ ጎዳናዎች መጋጠሚያና በባቡር ሐዲድ አጠገብ የነበረ፣ ሌላው ሕዝብ ጥሎት የሄደ ሰፈር ነው።

በ2017 የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሕዝብ ቆጠራውን ከአየር ብክለት መዝገብ ጋር ሲያስተያዩ፣ የተመሳሳይ ጾታ ተጣማሪዎች ከአደገኛ የአየር በካዮች የሚደርስባቸው የካንሰር አደጋ በመላ አገሪቱ በአማካይ ከሌሎቹ ተጣማሪዎች በ12.3 በመቶ፣ የመተንፈሻ አካል ሕመም አደጋው ደግሞ በ23.8 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በሂዩስተንና በአካባቢዋ በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ጉዳቱ የጎላው የወንድ ተጣማሪዎች በሚበዙባቸው ሰፈሮች ነው፤ የሴት ተጣማሪዎች በሚበዙባቸው ግን እንዲህ አልነበረም። ይህ ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም። ጭቁን ወገን ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ እንደማይጎዳ ያሳያልና። ገንዘብ ያለው ነጭ ወንድ ፍቅረኛውን ይዞ አየሩ ወደ ጸዳ ሰፈር ሊዛወር ይችላል፤ በቀን ሥራ የምትተዳደር ጥቁር ሴት ግን የምታፈቅረው ማንንም ይሁን ማን ይህ መንገድ አይከፈትላትም።

የመብት ሕግ ይህን የተጠላለፈ ጭቆና ለማየት ዓይን አልነበረውም። በ1976 ውሳኔ የተሰጠበት፣ ጄኔራል ሞተርስ ከሥራ የቀነሳቸው 5 ጥቁር ሴቶች ያቀረቡት ክስ ለዚህ ምስክር ነው። ድርጅቱ ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት ቀጥሮ አያውቅም ነበር፤ ሠራተኛ ሲቀነስም መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ በሚለው ደንብ ጥቁር ሴቶቹ ተባረሩ። ፍርድ ቤቱ ግን ድርጅቱ ነጭ ሴቶችን በጽሕፈት ሥራ ስለቀጠረ በጾታ፣ የዘሩ ጉዳይ ደግሞ በድርጅቱ ላይ ከቀረበ ሌላ የዘር መድልዎ ክስ ጋር ተዳብሎ ይታይ እንጂ ሁለቱን አጣምሮ መክሰስ አይቻልም አለ። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 የጭቆናዎችን መጋጠሚያ የሚመለከተውን ጽንሰ ሐሳብ ስም ሰጥተው ያብራሩት ከዚሁ ዓይነት ፍርድ ተነስተው ነው። ከእሳቸው ቀደም ብሎም በቦስተን ከተማ ብዙዎቹ ሴት የሚያፈቅሩ ጥቁር ሴቶች የነበሩበት የኮምባሂ ወንዝ ጓድ በ1977 ባወጣው መግለጫ፣ የዘር፣ የመደብና የጾታ ጭቆናዎች የተቆላለፉ መሆናቸውን፣ ራሳቸውንም ሶሻሊስት ብለው እየጠሩ የሠራተኛው መደብ ድል ብቻውን ለእነርሱ ነፃነት ዋስትና እንደማይሆን አስታውቀዋል። ስማቸውን የወሰዱት ሃሪየት ተብማን በ1863 በመሩት ዘመቻ ከ700 በላይ ባሮች ነፃ ከወጡበት ወንዝ ነው።

በዚሁ ትውልድ የምትገኘው ባለቅኔዋ ኦድሪ ሎርድ በወጣትነታቸው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኮኔቲከት ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ የኳርትዝ ድንጋይ በኤክስሬይ ይመረምሩ ነበር። ሠራተኛው በአብዛኛው ጥቁርና የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ነበር። ድንጋዩ የሚታጠብበት ካርቦን ቴትራክሎራይድ ጉበት የሚጎዳ መሆኑን፣ የኤክስሬዩ መሣሪያም መከላከያ ካልተደረገለት አደገኛ ጨረር እንደሚረጭ የነገራቸው አለቃ አልነበረም። ሎርድ ይህን በ1982 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። በ1992 የሞቱት በካንሰር ነው፤ የትኛው መርዝ የትኛውን ሕመም እንዳመጣ መናገር ባይቻልም፣ ያንን ሥራ ለጥቁር ሴት ክፍት ያደረገው የትኛው ሥርዓት እንደሆነ መናገር ግን አያዳግትም።

ሦስቱ ማንነቶች በአንድ ቀን የተፈተኑበት ጊዜ ነሐሴ 2005 ነው። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በኒው ኦርሊንስ ላይ ሲደርስ የከተማዋ የጎርፍ መከላከያ ግድቦች ተደረመሱ። ከተማውን ለቃችሁ ውጡ የሚለው ትእዛዝ መኪና ላለው የተሰጠ ትእዛዝ ነበር፤ በመቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ መኪና አልነበረውም። የታችኛው ዘጠነኛ ቀበሌ የተባለው የጥቁር ሠራተኞች ሰፈር በውሃ ተዋጠ። በዚያው ሰሞን በከተማው ሊከበር የነበረውን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዓመታዊ በዓል ምክንያት አድርገው፣ ማዕበሉ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ብለው የሰበኩ ሰባኪዎች ነበሩ። በዓሉ የሚከበርበት የፈረንሳይ ሰፈር ግን በከፍተኛ መሬት ላይ የተቆረቆረ በመሆኑ አብዛኛው ክፍል በጎርፉ አልተጥለቀለቀም። ቁጣው ያረፈው ረባዳው ላይ ነው። እንዲህ ያለው ስብከት የግድቡን መሐንዲስና በጀት መዳቢውን ከተጠያቂነት ሰውሮ ኃላፊነቱን በተጠላ ወገን ላይ ለማላከክ ከማገልገል በቀር ሌላ ፋይዳ የለውም።

ከጎርፉ ያመለጡትም ቢሆኑ በመጠለያው እኩል አልተስተናገዱም። በቴክሳስ መጠለያ ያገኘች፣ ወንድ ሆና ተወልዳ ሴት ሆና የምትኖር አንዲት የ20 ዓመት ጥቁር ተፈናቃይ በሴቶች መታጠቢያ ቤት ገላዋን በመታጠቧ ተይዛ ለቀናት ታስራለች። ቤቷን የወሰደው ጎርፍ ነው፤ እስር ቤት ያስገባት ግን መዝጋቢው በቅጹ ላይ ያገኘው ሁለት ሣጥን ብቻ መሆኑ ነው። በ2010 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በሄይቲ የእርዳታ እህል የሚታደለው በሴት የቤት ኃላፊዎች አማካይነት እንዲሆን ሲደረግ፣ በቤታቸው ሴት የሌለባቸው ወንድ አፍቃሪ ወንዶች ከተራው ውጪ ሆነዋል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች በጎ አሳቢዎች ነበሩ፤ ቤተሰብ ሲሉ ግን በልቡናቸው የነበረው አንድ ዓይነት ቤተሰብ ብቻ ነው።

የትግሉ ጎራም ከዚህ ድክመት ነፃ አልነበረም። በ1990 ከደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የተነሱ የሕዝብ ድርጅቶች ለ10ሩ ታላላቅ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት በጻፉት ደብዳቤ፣ ለዱር እንስሳና ለደን የምትቆረቆሩትን ያህል በፋብሪካ ሥር ለሚኖረው ጥቁርና ላቲኖ ሕዝብ አልተቆረቆራችሁም፣ በአመራራችሁም የእኛን ወገን አላካተታችሁም ሲሉ ወቀሷቸው። በጥቅምት 1991 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የመጀመሪያው የነጭ ያልሆኑ ሕዝቦች የአካባቢ ጉባኤ 17 መርሆዎችን አጸደቀ። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸው በአናሳ ዘሮችና በድኾች ላይ የተለየ ጉዳት እንዳያደርስ እንዲመረምሩ የሚያዝ ሰነድ ፈረሙ። ሰነዱ ከሦስቱ ማንነቶች ሁለቱን ብቻ ይዞ ነበር፤ ሦስተኛው አልተጠቀሰም።

ዛሬ ያ ሰነድም የለም። ጥር 20 ቀን 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣናቸውን በተረከቡበት ዕለት የፌዴራል መንግሥት ከሁለት ጾታ በቀር እንዳያውቅ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ፤ በማግስቱ ደግሞ የ1994ቱን የአካባቢ ፍትሕ ትእዛዝ ሻሩ። የሁለቱን መከታተል ተራ አጋጣሚ አድርገን አንወስደውም። በተቃዋሚው ወገን ሦስቱን ጥያቄዎች ለየብቻ እየያዙ አንዱ ከሌላው ይቀድማል አይቀድምም እያሉ የሚሟገቱ ማኅበራት ባሉበት ጊዜ፣ ሥልጣን ላይ ያለው ክፍል ሁሉንም በአንድ ቀረጢት ውስጥ አስቀምጦ በሁለት ቀን ጨርሷቸዋል። በመጋቢት ወር መንግሥት በካንሰር መንገድ ላይ በሚገኘው የዴንካ ፋብሪካ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የመሠረተውን የብክለት ክስ አነሳ። ከዚያ ቀደም ብሎ በየካቲት፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉ መጠለያዎች ሰውን በሚኖርበት ጾታ እንዲቀበሉ ያስገድድ የነበረውን የ2016 ደንብ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ሥራ ላይ ማዋሉን እንዳቆመ አስታውቋል። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የአውሎ ነፋሱ ወቅት በየዓመቱ ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው፤ በ2005 በመዝጋቢው ቅጽ ላይ የነበሩት ሁለት ሣጥኖች አሁን የመንግሥት መመሪያ ሆነዋል።